የወንዝ ንድፍ በኮምፒዩተር ሲዘጋጅ የልኬትን ትክክለኛነት ስለ መጠበቅ

በቡታጅራና በአካባቢው ለሚሠሩ የኤክስቴንሽን ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ

መግቢያ

ከጉራጌ ተራሮች ምሥራቃዊ ተዳፋት የሚወርዱት አብዛኞቹ ወንዞች በቡታጅራ ዙሪያ ያለውን ማሳ እያቋረጡ ወደ መቂ ወንዝ ይገባሉ። መቂም የስምጥ ሸለቆውን ሜዳ አልፎ ዝዋይ (ደንበል) ሐይቅ ይደርሳል። ቡታጅራ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ የሐይቁ የውሃ ገጽ ግን 1,636 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ስለዚህ ውሃው በላይኛው አካባቢ በጥድፊያ ይወርዳል፤ ሜዳው ላይ ሲደርስ ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ ተሸክሞት የመጣውንም ደለል ያራግፋል።

ይኸው ውሃ በበጋ ወራት ለሽንኩርት፣ ለቲማቲም፣ ለጎመንና ለበርበሬ ልማት ሲጠለፍ ሥራው የሚጀመረው ከልኬት ነው። ቀደም ሲል ቀያሹ ያመጣው ቁጥር በእርሳስና በማስመሪያ ወረቀት ላይ ይሰፍር ነበር። ዛሬ ግን እንደ አውቶካድ ባሉ የንድፍ ፕሮግራሞች ተሠርቶ ይቀርባል። አውቶካድ ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1982 ነው። በኮምፒዩተር የተሳለው ወንዝ መስመሩ የጠራ፣ ቀለሙ የለየ፣ ቁጥሩ የተሟላ ስለሚሆን ያየው ሁሉ በቀላሉ ያምነዋል። ችግሩም የሚመጣው ከዚህ እምነት ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የኤክስቴንሽን ሠራተኛውን የንድፍ መሐንዲስ ለማድረግ አይደለም። የማኅበሩ ኮሚቴ የቀረበለትን ንድፍ ከመፈረሙና አባላቱም ለቁፋሮ ከመውጣታቸው በፊት ልኬቱ ትክክል መሆኑን እንዴት መመርመር እንደሚቻል ለማስረዳት ነው።

1. ኮምፒዩተሩ ሊያውቅ የማይችለው ነገር

የንድፍ ፕሮግራም አንድን ርቀት እስከ 8 የነጥብ ቤት ድረስ ጽፎ ሊያሳይ ይችላል። ነገር ግን የቁጥሩ መርዘምና የልኬቱ ትክክለኛነት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በሜትሮ ገመድ እስከ ሳንቲሜትር የተለካ ርቀት በኮምፒዩተር ውስጥ ሲገባ ሚሊሜትር አይሆንም። በእጅ በሚያዝ ጂፒኤስ የተወሰደ ነጥብ ሰማዩ ገላጣ በሆነበት ቦታ እንኳ ከ3 እስከ 5 ሜትር ሊስት ይችላል፤ ከፍታውማ ከዚህም ይብሳል። ፕሮግራሙ ግን ይህን አያውቅም። የተሰጠውን ተቀብሎ በጠራ መስመር ይስላል።

ከወረቀት ካርታ ላይ እየተገለበጠ የሚሠራ ንድፍም እንዲሁ ነው። በ1 ለ 50,000 ካርታ ላይ ግማሽ ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የወንዝ መስመር በመሬት ላይ 25 ሜትር ይሆናል። ካርታውን በኮምፒዩተር አሥር እጥፍ ማጉላት መስመሩን ያወፍረዋል እንጂ ወንዙን ወደ ትክክለኛ ቦታው አያቀርበውም። በእነዚህ ካርታዎች ላይ የከፍታ መስመሮቹ በየ20 ሜትሩ የተሰመሩ ስለሆኑ የቦይን ተዳፋት ከነሱ ማውጣት አይቻልም። ካርታው የሚጠቅመው አካባቢውን ለማወቅ ብቻ ነው።

ባጭሩ ንድፉ ከመስክ ልኬቱ የተሻለ ሊሆን አይችልም።

2. ስሕተቱ በማሳ ላይ የሚያስከትለው ጉዳት

ነገሩን ለመረዳት አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አንድ ማኅበር 1 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው ዋና ቦይ ሊቆፍር ነው እንበል። ቦዩ የሚያልፍበት መሬት በየ100 ሜትሩ 2 ሜትር ያህል ወደ ወንዙ ያዘቀዝቃል። እንደሚታወቀው ቦዩ የሚያጠጣው ከበታቹ ያለውን መሬት ብቻ ነው።

በልኬት ስሕተት ምክንያት ውሃው የሚጠለፍበት ቦታ ከእውነተኛው 30 ሳንቲሜትር ከፍ ተደርጎ በንድፉ ላይ ቢመዘገብ፣ ውሃው በተነደፈው ቦይ አይገባም። ውሃ ሽቅብ አይፈስምና ቦዩ 30 ሳንቲሜትር ዝቅ ብሎ መሠራት ይኖርበታል። በዚህ ተዳፋት ላይ 30 ሳንቲሜትር ዝቅ ማለት ቦዩን 15 ሜትር ወደ ታች ማውረድ ነው። 15 ሜትር ስፋት በ1,000 ሜትር ርዝመት ሲባዛ 15,000 ካሬ ሜትር፣ ይኸውም 1.5 ሄክታር ይሆናል። 1 ጥማድ ሩብ ሄክታር ገደማ ነው ብንል 6 ጥማድ መሬት ከመስኖው ውጭ ቀረ ማለት ነው።

በዚህ 6 ጥማድ ላይ ያሉት አባላት እንደ ሌሎቹ መዋጮ ከፍለዋል፤ ጉልበትም አውጥተዋል። ውሃው ሲለቀቅ ግን ከማሳቸው በታች አልፎ ይሄዳል። ግድቡን በ30 ሳንቲሜትር ከፍ እናድርገው ቢባል ደግሞ ተጨማሪ ሲሚንቶና ድንጋይ ያስፈልጋል፤ በክረምትም ጎርፉ ከግድቡ በላይ ባለው ማሳ ላይ ይተኛል። ይህ ሁሉ የሚመጣው ከአንድ ክንድ ባነሰ የከፍታ ስሕተት ነው።

3. ስሕተት የሚገባባቸው መንገዶች

ሀ. የመለኪያ አሐድ መደባለቅ

በንድፍ ፕሮግራም ውስጥ 1 የሚለው ቁጥር 1 ሜትር ወይም 1 ሚሊሜትር ሊሆን ይችላል። የሕንፃ ንድፍ ብዙ ጊዜ በሚሊሜትር፣ የመሬት ቅየሳ ግን በሜትር ይሠራል። የግድቡ ግንብ በሚሊሜትር፣ ወንዙ በሜትር ተሠርተው አንድ ላይ ሲገጠሙ አንዱ ከሌላው ሺህ ጊዜ ይበልጣል ወይም ያንሳል። እንዲህ ያለው ስሕተት ወዲያው ስለሚታይ ብዙ አያሠጋም። አደገኛው የማይታየው ነው። ነዳፊው ልዩነቱን አይቶ በግምት እየለጠጠ ካስተካከለው ስሕተቱ በንድፉ ውስጥ ተደብቆ ይቀራል።

የወረቀት ኅትመትም ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። በኤ1 ወረቀት ላይ ስኬሉ 1 ለ 1,000 የሆነ ንድፍ ወጪ ለመቆጠብ በኤ3 ሲታተም ስኬሉ 1 ለ 2,000 ይሆናል፤ ጽሑፉ ግን 1 ለ 1,000 እንዳለ ይቀራል። በዚህ ወረቀት ላይ በማስመሪያ ለክቶ መሬት ላይ ችካል የሚተክል ሰው ግማሹን ርቀት ብቻ ይሄዳል። ስለዚህ በንድፉ ላይ ከጽሑፉ ሌላ የተሳለ የስኬል መስመር መኖር አለበት። ወረቀቱ ሲያንስ መስመሩም አብሮ ያንሳልና አያሳስትም።

ለ. የካርታ መነሻ ሥርዓት መደባለቅ

ቀደም ሲል የታተሙት የአገራችን 1 ለ 50,000 ካርታዎች የተመሠረቱት አዲንዳን በሚባለው የመነሻ ሥርዓት ላይ ነው። ጂፒኤስ ግን ካልተለወጠ በቀር ደብሊው ጂ ኤስ 84 በሚባለው ሥርዓት ይሠራል። በቡታጅራ አካባቢ የአንድ ቦታ ቁጥር በሁለቱ ሥርዓቶች መካከል በምሥራቅ አቅጣጫ 90 ሜትር ገደማ፣ በሰሜን አቅጣጫ ደግሞ ከ200 ሜትር በላይ ይለያያል። ወንዙ ከካርታው፣ የግድቡ ቦታ ከጂፒኤስ ተወስደው በአንድ ንድፍ ላይ ቢሰፍሩ ግድቡ ከወንዙ ውጭ በማሳ መካከል ይታያል። ነዳፊው ቦታውን ካላየው ወንዙን ጎትቶ ወደ ግድቡ ሊያመጣው ይችላል። ትክክለኛው መፍትሔ ሥርዓቶቹን አንድ ማድረግና የትኛው እንደ ተሠራበት በንድፉ ላይ መጻፍ ነው።

ሌላም ጥቃቅን ልዩነት አለ። የካርታው ፍርግርግ የተሠራው የምድርን ክብነት ወደ ጠፍጣፋ ወረቀት በመለወጥ ስለሆነ በፍርግርጉ የሚሰላው ርቀት በመሬት ላይ ከሚለካው ጥቂት ያንሳል። በቡታጅራ አቀማመጥና ከፍታ በ1 ኪሎ ሜትር 67 ሳንቲሜትር ያህል ይጎድላል። ለአጭር ቦይ ይህ ከቁጥር አይገባም። ለ5 ኪሎ ሜትር ቦይ ግን ከ3 ሜትር በላይ ስለሚሆን የቱቦና የሲሚንቶ መጠን ሲሰላ መታሰብ አለበት።

ሐ. የከፍታ ስሕተት

በመስኖ ሥራ ከሁሉ የሚከፋው ይህ ነው። የወንዝን ፍሰት ለማስላት ተዳፋቱን ማወቅ ያስፈልጋል። ሁለት ቦታዎች በ200 ሜትር ተራርቀው በመካከላቸው ያለው ውርደት 1 ሜትር ቢሆን፣ በከፍታ ልኬት ላይ የሚፈጠር የ20 ሳንቲሜትር ስሕተት የሚሰላውን ፍሰት በ10 ከመቶ ገደማ ይለውጠዋል። በሜዳው ላይ ግን በዚያው 200 ሜትር ውስጥ ያለው ውርደት 20 ሳንቲሜትር ብቻ ሊሆን ይችላል። እዚያ ያው የ20 ሳንቲሜትር ስሕተት ወንዙን በንድፉ ላይ የቆመ ኩሬ ያደርገዋል፤ ወይም ተዳፋቱን እጥፍ አድርጎ ፍሰቱን በ41 ከመቶ ከፍ ያደርገዋል። ስለዚህ መሬቱ ሜዳ እየሆነ በሄደ ቁጥር የከፍታ ልኬት ጥንቃቄ መጨመር አለበት።

ከሳተላይት የሚገኘው የከፍታ መረጃም ለዚህ ሥራ አይበቃም። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2000 በጠፈር መንኮራኩር የተሰበሰበውና ለሕዝብ የተለቀቀው መረጃ አንድን 30 በ30 ሜትር የሆነ ቦታ በአንድ ከፍታ ብቻ ያሳያል፤ ስሕተቱም በሜትር የሚቆጠር ነው። በድሮን የሚነሣ ፎቶግራፍ የተሻለ ቢሆንም የሚያየው የባሕር ዛፉን ጫፍና የእንሰቱን ቅጠል እንጂ ከሥሩ ያለውን አፈር አይደለም። ቁጥቋጦ የሸፈነው የወንዝ ዳር በመሬት ላይ መለካት ይኖርበታል።

መ. የወንዙን አቋራጭ ቅርጽ አሳንሶ መለካት

ቀያሹ ለመፍጠን ሲል ግራውን ዳር፣ ቀኙን ዳርና መካከሉን ብቻ ለክቶ የሚመለስበት ጊዜ አለ። ከላይ 12 ሜትር፣ ከታች 6 ሜትር ስፋትና 1.5 ሜትር ጥልቀት ያለው ወንዝ እንውሰድ። ትክክለኛው የአቋራጭ ስፋቱ 13.5 ካሬ ሜትር ነው። በሦስት ነጥብ ብቻ ሲሳል ግን ሦስት ማዕዘን ስለሚሆን 9 ካሬ ሜትር ብቻ ይወጣዋል። ጠባብ ቅርጽ ውሃን ስለሚያዘገይ በስሌቱ የሚገኘው ፍሰት ከእውነተኛው ግማሽ ገደማ ይሆናል።

መሐንዲሱ የአምናው ጎርፍ በወንዙ ዳር የተወውን ምልክት ይዞ በዚህ ቅርጽ ቢያሰላ ጎርፉን በግማሽ አሳንሶ ይገምታል፤ የግድቡንም ማፍሰሻ በዚያው ልክ ያጠበዋል። የሚቀጥለው ክረምት ግን እንደ ስሌቱ አይመጣም። የወንዙ ወለል የሚጀምርባቸው ሁለቱ ግርጌዎች ቢለኩ ኖሮ ይህ ስሕተት አይፈጠርም ነበር። ሁለት ነጥብ መጨመር የግማሽ ሰዓት ሥራ እንኳ አይደለም።

ሠ. ነጥቦችን ያለ መስመር ማገናኘት

የንድፍ ፕሮግራሙ የተሰጡትን ነጥቦች በሦስት ማዕዘን መረብ እያገናኘ የመሬቱን ገጽ ይሠራል። የሚያገናኘውም የሚቀራረቡትን ነው። የወንዙ ግራና ቀኝ ዳር ነጥቦች ተቀራርበው የወለሉ ነጥቦች ግን ተራርቀው ከሆነ፣ ፕሮግራሙ ከዳር እስከ ዳር ተሻግሮ ያገናኛል። በዚህ ጊዜ በመሬት ላይ የሌለ ግድብ በንድፉ ላይ ይፈጠራል። በጎርፍ ስሌት ፕሮግራም ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1995 በወጣው ሄክ-ራስ ውስጥ ሲገባም ውሃው በሐሰተኛው ግድብ ላይ ተከማችቶ ይታያል።

ይህን ለመከላከል ነዳፊው የወንዙን የግራና የቀኝ ዳር፣ ሁለቱን ግርጌዎችና ጥልቁን መስመር ለፕሮግራሙ ለይቶ መስጠት አለበት። ይህንንም ማድረግ የሚችለው ቀያሹ በመስክ ማስታወሻው ላይ እያንዳንዱን ነጥብ “ዳር”፣ “ግርጌ”፣ “ጥልቅ” እያለ ከጻፈለት ብቻ ነው።

ረ. የጊዜ ለውጥ

ወንዝ እንደ ቤት በአንድ ቦታ ቆሞ አይጠብቅም። ከተራራው የሚወርደው ጎርፍ በአንድ ክረምት ዳር ይቦረቡራል፣ ድንጋይ ይከምራል፣ ደለል ይሞላል። ስለዚህ የዛሬ 3 ዓመት በጥንቃቄ የተሠራ ንድፍ ዛሬ ስሕተት ሊሆን ይችላል። ቅየሳው ጎርፉ ከጎደለ በኋላ ቢደረግ ይመረጣል። የተለካበት ቀን፣ ወርና ዓመተ ምሕረትም በንድፉ ላይ መጻፍ አለበት።

4. በመስክ የሚደረግ ቁጥጥር

ለአነስተኛ መስኖ ዋናው ነገር ቦታው ከባሕር ወለል ስንት ሜትር ከፍ ይላል የሚለው አይደለም። በጠለፋው፣ በቦዩና በማሳው መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት ነው። ይህን ደግሞ በቀላል መሣሪያ መመርመር ይቻላል።

1ኛ. ቋሚ ምልክት መትከል። ከማይነቃነቅ ቋጥኝ፣ ከድልድይ ወይም ከትምህርት ቤት መሠረት ላይ ቢያንስ ሁለት ምልክቶች በቀለም ይደረጉ። አንደኛው 100 ሜትር ነው ተብሎ ቢሰየም ሌላው ሁሉ ከሱ እየተነሣ ይለካል። ሁለት መሆናቸው አንዱ ቢነቃነቅ ሌላው እንዲያጋልጠው ነው።

2ኛ. በሌቭል ሄዶ መመለስ። ቀያሹ ከምልክቱ ተነሥቶ ሥራውን ከጨረሰ በኋላ ወደዚያው ምልክት መመለስ አለበት። ሲመለስ የሚገኘው ልዩነት የተሄደው ጠቅላላ ርቀት በኪሎ ሜትር ተወስዶ ስኩዌር ሩቱ በ12 ሚሊሜትር ሲባዛ ከሚገኘው ባይበልጥ ሥራው ጥሩ ነው። ለምሳሌ ደርሶ መልሱ 4 ኪሎ ሜትር ከሆነ የሚፈቀደው 24 ሚሊሜትር ነው። ከዚህ በጣም ከበለጠ ሥራው መደገም ይኖርበታል እንጂ ቁጥሩ በኮምፒዩተር ተስተካክሎ መታለፍ የለበትም።

3ኛ. በጎማ ውሃ ልክ መፈተሽ። ግንበኞች የሚጠቀሙበት ውስጡ የሚታይ 20 ሜትር ጎማና ሁለት እኩል የተመለከቱ እንጨቶች ይበቃሉ። ተዳፋቱ በ1,000 ሜትር 1 ሜትር የሆነ ቦይ በየ20 ሜትሩ 2 ሳንቲሜትር መውረድ አለበት። ጎማው ውስጥ አየር መቅረት የለበትም፤ በፀሐይ የሞቀ ጎማም ጥላ ውስጥ ይቀመጥ። በ1 ኪሎ ሜትር ውስጥ 50 ጊዜ ስለሚለካ ግማሽ ሳንቲሜትር ብቻ የሆነ ስሕተት ሁልጊዜ በአንድ ወገን ከተጠራቀመ 25 ሳንቲሜትር ይደርሳል። ስለዚህ ሁለቱ እንጨቶች በየተራ እየተቀዳደሙ ይሂዱ፤ የፊተኛው ሳይነቀል የኋለኛው ይለፈው። በዚህ ዓይነት የአንዱ እንጨት ስሕተት በሌላው ይጣፋል።

4ኛ. የሚታወቅ ርቀት ማመሳከር። በንድፉ ላይ በግልጽ የሚታዩ ሁለት ነገሮች፣ ለምሳሌ የድልድይ ሁለት ጫፎች ተመርጠው ርቀታቸው በሜትሮ ይለካ። ነዳፊው ያንኑ ርቀት በኮምፒዩተሩ ላይ በፊታችሁ ለክቶ ያሳይ። ሁለቱ ካልተስማሙ ምክንያቱ እስኪታወቅ ድረስ ሥራው አይቀጥል።

5ኛ. የጎርፍ ምልክት መጠየቅ። ጎርፉ እስከ የት ወጥቶ እንደ ነበረ በወንዙ ዳር የኖሩ አዛውንቶች ያውቃሉ። ወንዶችም ሴቶችም ለየብቻ ይጠየቁ፤ የጠቆሙት ቦታ በችካል ተመልክቶ በሌቭል ይለካ። በሞዴሉ የተገኘው የጎርፍ ከፍታ ከነሱ ቃል በጣም ቢለይ መጀመሪያ መመርመር ያለበት ሞዴሉ ነው።

6ኛ. የጎን ንድፍን አስተውሎ ማንበብ። የወንዙን ወይም የቦዩን ርዝመት የሚያሳየው ንድፍ ብዙውን ጊዜ ከፍታው ከርዝመቱ 10 እጥፍ ጎልቶ ይሳላል። ስለዚህ ለዓይን ገደል የሚመስለው በመሬት ላይ ለጥ ያለ ሊሆን ይችላል። ቁልቁለቱን ከሥዕሉ ሳይሆን ከተጻፉት ቁጥሮች አንብቡ።

5. ከፊርማ በፊት የሚቀርቡ ጥያቄዎች

የማኅበሩ ኮሚቴ ንድፉን ሲረከብ የሚከተሉትን መጠየቅ መብቱም ግዴታውም ነው።

- ልኬቱ በምን መሣሪያ፣ በየትኛው ቀን ተወሰደ?
- ቋሚ ምልክቶቹ የት ናቸው? ሄደን ልናያቸው እንችላለን?
- ሌቭሉ ሲመለስ ስንት ሚሊሜትር ልዩነት ተገኘ?
- በእያንዳንዱ የወንዙ አቋራጭ ላይ ስንት ነጥብ ተለካ? ግርጌዎቹስ ተለክተዋል?
- የቁጥሮቹ አሐድና የካርታው መነሻ ሥርዓት በንድፉ ላይ ተጽፈዋል?
- የስኬል መስመር ተስሏል?
- ቦዩ የሚያጠጣው የመጨረሻው ከፍተኛ ማሳ የማን ነው? ባለ ማሳው በተገኘበት ችካሉ ታይቷል?

የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉም ይበልጣል። በማኅበሩ ውስጥ በኋላ ጠብ የሚነሣው ከቦዩ ጠርዝ ላይ ባለው ማሳ ነውና። የዚያ ማሳ ባለቤት ከቁፋሮው በፊት ውሃው ይደርሰው ወይም አይደርሰው እንደ ሆነ በችካል አይቶ ማወቅ አለበት።

የንድፉ ግልባጭ በወረቀትም በኮምፒዩተር ፋይልም ከመስክ ማስታወሻው ጋር በማኅበሩ እጅ ይቀመጥ። በመስኖ ውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 841/2006 መሠረት የተቋቋሙ ማኅበራት ቦዩን ሲጠግኑ፣ ተራ ሲያወጡና ከታችኛው ተጠቃሚ ጋር ሲነጋገሩ ማስረጃቸው ይህ ነው።

ማጠቃለያ

የኮምፒዩተር ንድፍ ጊዜ ይቆጥባል፤ ስሌትን ያፋጥናል፤ ለውጥ ለማድረግም ያመቻል። የመስክ ልኬትን ግን አይተካም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው በጥድፊያ የተለካ ወንዝ በመጀመሪያው ክረምት ስሕተቱን ያሳያል። ለአንድ ኪሎ ሜትር ቦይ ጎማ ይዞ መሄድና መመለስ የአንድ ወይም የሁለት ቀን ሥራ ነው። 6 ጥማድ መሬት ያለ ውሃ መቅረቱ ግን የብዙ ዓመት ጉዳት ነው። ስለዚህ የኤክስቴንሽን ሠራተኞች ይህን ቁጥጥር ከማኅበሩ አባላት ጋር ሆነው አስቀድመው እንዲያደርጉ፣ ያገኙትንም ልዩነት በጽሑፍ ይዘው ለነዳፊው እንዲመልሱ ይመከራል።